የታብሌትን ገጽ ለሁለት ከፍሎ ስለ መሥራት

የጤና አጠባበቅ ትምህርት አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ውኃ፥ ስለ ሳሙና፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ምግብ አያያዝ ነው። ይህ ትምህርት ዛሬም አልቀረም፤ ሊቀርም አይገባውም። ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ ወደ ሰው እጅ በገባ ቍጥር፥ ስለ አያያዙና ስለ አጠቃቀሙ መምከር የጤና ሠራተኛ ግዴታ ነው። በጌዴኦ ዞን፥ በዲላ ከተማም ሆነ በይርጋ ጨፌ፥ በወናጎ፥ በቡሌ፥ በኮቾሬና በገደብ፥ ታብሌት የሚባለው ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ከመዝገቡ፥ ከሚዛኑና ከክትባት መያዣው ሳጥን ጋር ተሰልፎ ከጤና ሠራተኛው የሥራ ዕቃዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ተማሪውና መምህሩም ይዘውታል።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ከዚህ መሣሪያ ጠባዮች መካከል አንዱን ብቻ መርጠን እንመለከታለን። ይኸውም ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ማየት ነው። ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚደረግ፥ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ በቅደም ተከተል እናስረዳለን። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም፥ በስተመጨረሻው የሕፃን ሕይወት የሚነካበት ጊዜ ስላለ፥ አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንዲከታተሉን እንለምናለን።

1ኛ/ ታብሌት ወደ ጤና ኬላ ስለ መድረሱ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በእቅዱ መሠረት 5,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ ይሠራለታል፤ ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችም ይመደቡለታል። እነዚህ እኅቶቻችን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ ንጽሕና፥ ስለ ክትባት፥ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ያስተምራሉ። የእያንዳንዱንም ቤተሰብ ታሪክ በቤተሰብ ማኅደር ይመዘግባሉ።

የወረቀቱ ማኅደር ብዙ አገልግሏል። ነገር ግን ወረቀት በዝናብ ይርሳል፤ ይቀደዳል፤ ከብዙ ማኅደር መካከል አንዱን ለመፈለግም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የሚባለው አሠራር በታብሌት ላይ ሆኖ በየክልሉ እየተስፋፋ መጥቷል። የዚህ ሥርዓት ትልቅ ጥቅሙ ኔትዎርክ በሌለበት ተራራ ላይም መሥራቱ ነው፤ ሠራተኛዋ በቡሌ ደጋ የመዘገበችውን ኔትዎርክ ወዳለበት ስትወርድ ያስተላልፈዋል። ከጤና ጣቢያ ወደ ላይ የሚላከው የወር ሪፖርት ደግሞ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በተሠራው፥ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 በተባለው ሥርዓት ይጠናቀራል።

እንግዲህ በወረቀቱ ዘመን አንድ የጤና ሠራተኛ ሁለት ጽሑፍ ማመሳከር ሲፈልግ ምን ያደርግ ነበር? መዝገቡን በግራ፥ የሕክምናውን መመሪያ በቀኝ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፥ ጣቱን በአንዱ መስመር ላይ አድርጎ ሌላውን ያነብ ነበር። ታብሌት ግን እንደ ልማዱ የሚያሳየው አንድ ገጽ ብቻ ነው። መመሪያውን ለማየት መዝገቡ ይሸሸጋል፤ ወደ መዝገቡ ለመመለስ መመሪያው ይሸሸጋል። በዚህ መመላለስ መካከል በቃል የተያዘው ቍጥር ይጠፋል፥ ወይም ተለውጦ ይጻፋል። ስክሪን መክፈል የመጣው ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

2ኛ/ የነገሩ አመጣጥ

አንድን ስክሪን ለብዙ ሥራ ማካፈል አዲስ አሳብ አይደለም። በአሜሪካ አገር ዳግላስ ኤንግልባርት የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በጉባኤ ፊት ሲያሳዩ፥ በአንድ ስክሪን ላይ ጽሑፍና ርቀው ያሉ የሥራ ባልደረባቸው ምስል አብረው ታይተዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስም መስኮቶቹን እንደ ንጣፍ ጎን ለጎን ይደረድር ነበር። በእጅ ወደሚያዙት መሣሪያዎች ስንመጣ፥ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2012፥ አፕል በአይፓድ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ ከአብዛኛዎቹ ታብሌቶች ጋር አብሮ የሚመጣ ጠባይ ሆኗል።

3ኛ/ አከፋፈሉ

አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት በሚሠራ ታብሌት ላይ አከፋፈሉ እንደሚከተለው ነው። በፋብሪካውና በዕትሙ ልዩነት ጥቂት መለዋወጥ ቢኖርም፥ መንገዱ አንድ ነው።

ሀ/ አስቀድሞ የተጀመረውን ጽሑፍ ማስቀመጥ (ሴቭ ማድረግ) ይገባል። የታብሌቱ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ጠባብ ከሆነ፥ ሁለት መተግበሪያ ሲከፈት ሌላ ከበስተኋላ የነበረውን ሊዘጋው ይችላል። ያልተቀመጠውም ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል።

ለ/ የሚፈለጉት ሁለቱ መተግበሪያዎች ተራ በተራ ይከፈታሉ።

ሐ/ ከታች ያለው ባለ አራት ማዕዘን ቁልፍ ይነካል፤ ቁልፍ ከሌለው ከስክሪኑ ግርጌ ጣትን ወደ ላይ ስቦ ጥቂት መቆየት ነው። በቅርቡ የተከፈቱት መተግበሪያዎች እንደ ካርታ ተደርድረው ይታያሉ።

መ/ ከካርታው በላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ስትነካ ዝርዝር ይወጣል። ከዝርዝሩ ውስጥ ስፕሊት ስክሪን የሚለው ይመረጣል።

ሠ/ ቀጥሎ ሁለተኛው መተግበሪያ ይመረጣል። ሁለቱም ወዲያው ገጹን ይካፈላሉ።

ረ/ በመካከል ያለው መስመር እንደ አጥር ነው። በጣት ይዞ ወደ አንዱ ወገን ቢገፉት አንዱ ይሰፋል፥ ሌላው ይጠባል። እስከ ዳር ድረስ ቢገፉት ግን አንደኛው ይዘጋና የቀረው ሙሉውን ገጽ ይይዛል።

አንዳንድ መተግበሪያ አልከፈልም ብሎ ማስታወቂያ ያሳያል። እንዲህ ባለ ጊዜ ታብሌቱ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ሠሪዎቹ ያንን መተግበሪያ በሙሉ ገጽ ብቻ እንዲሠራ አድርገውታል ማለት ነው። መሥሪያ ቤትም አንዳንድ አገልግሎቶችን ለጥበቃ ሲል ቆልፎ ሊሰጥ ይችላል። የተቆለፈውን በጎን ለመክፈት መሞከር ግን የሕዝብ ምስጢር በያዘ መሣሪያ ላይ አደጋ ማምጣት ስለሆነ የተከለከለ ነው።

ታብሌቱን አጋድሞ መያዝ ሁለቱን ገጾች ግራና ቀኝ ያደርጋቸዋል፤ አቁሞ መያዝ ላይና ታች ያደርጋቸዋል። ረጅም ጽሑፍ ለማመሳከር አጋድሞ መያዝ ይሻላል። መጻፊያው ሰሌዳ ሲወጣ የስክሪኑን ግርጌ ስለሚሸፍን፥ አስቀድሞ አንብቦ፥ ቀጥሎ መጻፍ፥ ከዚያም ሰሌዳውን ሸሽጎ የተጻፈውን ከምንጩ ጋር ማስተያየት መልካም ልማድ ነው።

4ኛ/ መሣሪያው ሁለት ሥራ ቢችልም ሰው አይችልም

ብዙ ሥራን በአንድ ጊዜ መሥራት የሚለው አነጋገር የተወለደው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኮምፒዩተር ሊቃውንት ዘንድ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እጅግ በፍጥነት እየዘለለ፥ ሁለቱን አብሮ የሚሠራ መስሎ ይታይ ነበር። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ብዙ የማስሊያ ክፍሎች ስላሏቸው በእርግጥም ብዙውን አብረው ይሠራሉ። አነጋገሩ በኋላ ወደ ሰው ተሻገረ፤ ሰዎችም እኔ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እሠራለሁ እያሉ መመካት ጀመሩ። የሰው አእምሮ ግን ማሰብ የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ቅጽበት አይሠራም። ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ በተመላለሰም ቍጥር ዋጋ ይከፍላል።

አንባቢው ይህን ራሱ ሊፈትን ይችላል። ወረቀትና ሰዓት ይያዝ። በመጀመሪያ ከሀ እስከ በ ያሉትን ዐሥር ፊደላት፥ ቀጥሎ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቍጥሮች ይጻፍና የፈጀበትን ጊዜ ይመዝግብ። ከዚያ ያንኑ እያፈራረቀ፥ ሀ 1፥ ለ 2፥ ሐ 3፥ መ 4 እያለ እስከ መጨረሻው ይጻፍ። የሚጻፉት ምልክቶች ያው ሃያ ናቸው፤ ጊዜው ግን ይረዝማል፥ እጁም ይጠራጠራል። አርተር ጀርሲልድ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ይህን የመሰለ ፈተና አድርገው እ.ኤ.አ. በ1927 አሳትመዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ይህንኑ በብዙ መንገድ አረጋግጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢያል ኦፊር፥ ክሊፎርድ ናስና አንቶኒ ዋግነር ባሳተሙት ጥናት፥ ብዙ መገናኛዎችን አደባልቀው መጠቀም የሚያዘወትሩ ሰዎች ይህን ከማያዘወትሩት ይልቅ በማይፈለግ ነገር ሲሳቡ፥ ከሥራ ወደ ሥራ ሲሻገሩም ሲዘገዩ ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ባይሰጡም፥ ልማዱ ሰውን በሥራው ቀልጣፋ ያደርገዋል የሚለውን ተስፋ ግን አላጸኑትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ሥራ የቀረበው በአውስትራሊያ የተደረገው ጥናት ነው። ጆአና ዌስትብሩክና ባልደረቦቻቸው በሲድኒ ከተማ በሁለት ሆስፒታሎች 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱን አሳትመዋል። ነርሷ በሥራዋ መካከል አንድ ጊዜ በተቋረጠች ቍጥር የአሠራር ግድፈት በ12.1 ከመቶ፥ በመድኃኒቱ አሰጣጥ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ደግሞ በ12.7 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እኔም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ፥ መድኃኒት የምታድል ነርስ እንዳትታወክ የሚያሳስብ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ሰደርያ ለብሳ ስትሠራ አይቻለሁ። ሰደርያውን የለበሰች እንደ ሆነ ሐኪምም ቢሆን አያናግራትም ነበር። ይህ ክብር የተሰጠው ለሰደርያው አይደለም፤ ለማይከፈል ሐሳቧ ነው።

አባቶቻችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉት በዚህ ረገድ ትክክል ነው። ሁለት ዐይን አለኝ ተብሎም ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ አይነበብም።

5ኛ/ የሚስማሙ ሁለት ሥራዎች

እንዲህ ከሆነ ስክሪን መክፈል ለምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ከጌዴኦ ገበሬ ማሳ እናገኘዋለን። የጌዴኦ ገበሬ በአንድ መሬት ላይ ከላይ ትልልቁን ዛፍ፥ ከመካከል እንሰቱን፥ ከሥር ቡናውን አብሮ ያለማል። ይህም የመሬት አያያዝ ጥበብ ከነባህላዊ መልክዐ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ገበሬው ግን ያገኘውን ተክል ሁሉ አጣምሮ አይተክልም። እንሰቱ ለቡናው ጥላ ይሆነዋል፤ ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠልም መሬቱን ያዳብርለታል። የሚረዳዳው ይጣመራል፤ የሚሻማው ይለያያል።

በስክሪንም ላይ ሕጉ ያው ነው። ሁለቱ ገጾች የአንድ ሥራ ሁለት ወገን ከሆኑ መክፈሉ ይረዳል፤ ምክንያቱም ዐይን ከግራ ወደ ቀኝ ቢመላለስም ሐሳብ ከአንዱ ጉዳይ አይወጣም። ሁለቱ ገጾች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ከሆኑ ግን መክፈሉ ሐሳብን ራሱን መክፈል ይሆናል። ከሚስማሙት ጥቂቱን እንጥቀስ።

መዝገብና መመሪያ። በአንድ ወገን የታመመው ሕፃን መዝገብ፥ በሌላው ወገን የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ቢከፈት፥ የሕፃኑን ዕድሜና ክብደት እያዩ የመድኃኒቱን መጠን ከሠንጠረዡ ማንበብ ይቻላል። ክብደቱን በቃል ይዞ ገጽ ማገላበጥ ይቀራል።

መዝገብና የቀን መቍጠሪያ። በአገራችን ቀን በሁለት አቈጣጠር ስለሚጻፍ ይህ ጥምረት ብዙ ድካም ያቀልላል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆች አቈጣጠር መስከረም 11 ቀን 2024 ተወለደ ማለት ነው። ፔንታ የተባለው ክትባት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ይህም በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 13፥ ኅዳር 11 እና ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ላይ ይውላል። መቍጠሪያውን ከመዝገቡ ጎን ከፍቶ ቀኖቹን ማመልከትና ለእናቲቱ በምታውቀው አቈጣጠር ጽፎ መስጠት፥ ክትባቱ በጊዜው እንዲደርስ ያደርጋል።

የጤና ጣቢያው ድምርና የወር ሪፖርት። ሪፖርት አጠናቃሪው በአንድ ወገን የተደመረውን ሠንጠረዥ፥ በሌላው ወገን የሚሞላውን ቅጽ አድርጎ መስመር በመስመር ቢያመሳክር፥ 27 ተብሎ የተቈጠረው 72 ሆኖ የሚላክበት አደጋ ይቀንሳል። ከአንድ ጤና ጣቢያ የተሳሳተ ቍጥር ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን ሲሄድ ስሕተቱ ተከትሎት ይሄዳል። የክትባቱ ብዛትም የሚታዘዘው በዚያ ቍጥር ነው።

የተማሪ ንባብና ማስታወሻ። በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ወጣት፥ በግራ መጽሐፉን፥ በቀኝ ማስታወሻውን ቢከፍት ደግ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ከሆነ ግን ያነበበው ገጽ ቍጥሩ ብቻ ይቀርለታል።

6ኛ/ ፈጽሞ የማይከፈልበት ጊዜ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ከዚህ ቀጥሎ በሚዘረዘሩት ጊዜያት ስክሪኑ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው ሐሳብም ሙሉ መሆን አለበት።

ትንፋሽ ሲቈጠር። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን ሳንባ ምች እንዳለበት ከምናውቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፥ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። ከ2 ወር በታች ለሆነው ጨቅላ ወሰኑ 60 ነው። አቈጣጠሩ ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው።

እስቲ የ10 ወር ሕፃን በደቂቃ 52 ጊዜ ይተነፍሳል እንበል። ሠራተኛው ደረቱን እያየ ሲቈጥር፥ በታብሌቱ ሌላ ወገን መልእክት ገባና ለ5 ሴኮንድ ያህል ዐይኑን ወደዚያ መለሰ። በ5 ሴኮንድ ውስጥ ይህ ሕፃን 4 ጊዜ ተንፍሷል። ሠራተኛው የቈጠረው 48 ሆነ። 48 ደግሞ ከ50 በታች ስለሆነ፥ ተራ ጉንፋን ነው ተብሎ ተጻፈ። እናቲቱም ሳንባ ምቹን የሚያድነው መድኃኒት ሳይሰጣት ሕፃኗን አዝላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሕፃኑና በመድኃኒቱ መካከል የገባችው ያች የ5 ሴኮንድ እይታ ናት። ስለዚህ ትንፋሽ በሚቈጠርበት ጊዜ ሰዓቱን በደወል አዘጋጅቶ ታብሌቱን ማስቀመጥ፥ ዐይንን ከደረቱ አለማንሣት ግዴታ ነው።

የክንድ ዙሪያ ሲለካ። የምግብ እጥረት ያለበትን ሕፃን ለመለየት ክንዱ ሲለካ፥ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነው በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰው በመካከለኛ። በ11.4 እና በ11.6 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለሕፃኑ የሚሰጠው እርዳታ ግን ፈጽሞ ይለያያል። በመጀመሪያ ይለካ፤ ቀጥሎ ልኩ በቃል ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ከዚያ ይጻፍ።

መድኃኒት ሲታደልና ክትባት ሲሰጥ። መመሪያው አስቀድሞ ይነበባል፤ እጅ መድኃኒቱን ከያዘ በኋላ ግን የሲድኒውን ጥናት አስታውሶ ሌላውን ሁሉ መዝጋት ነው።

የሁለት ሰው መዝገብ። በአንድ ስክሪን ላይ የሁለት በሽተኞች መዝገብ ጎን ለጎን አይከፈት። በአንድ መንደር ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ጣት ወደ ጎረቤቱ ገጽ ብትስት የአንዱ ክትባት በሌላው ስም ይጻፋል። ያልተከተበው ተከትቧል ተብሎ ይቀራል፤ ኩፍኝ የገባ ጊዜም ስሕተቱን የሚከፍለው እርሱ ነው። ከመጻፍ አስቀድሞ የሕፃኑን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ከነመለያ ቍጥሩ ለእናቲቱ አንብቦ ማረጋገጥ ይገባል።

ከሰው ጋር ስንነጋገር። እናት ጭንቀቷን ስትነግረን ዐይናችን ከስክሪኑ ላይ ከሆነ፥ ግማሹን ሳትነግረን ትሄዳለች። እናቲቱ የምትቀመጠው ከባለሙያ ዘንድ እንጂ ከመሣሪያ ዘንድ እንዳልሆነ ይታሰብ። አስቀድሞ ማዳመጥ፥ ቀጥሎም እመዝግበው ብሎ አስፈቅዶ መመዝገብ ከጨዋነትም ከሕክምና ሥርዓትም የሚጠበቅ ነው።

ምስጢር ባለበት ጊዜ። ለእናቶች የትምህርት ሥዕል ወይም ፊልም በታብሌት ስናሳይ፥ በሌላው ግማሽ የሰዎች መዝገብ ተከፍቶ መገኘት የለበትም። የአንዲት ጎረቤት እርግዝና ወይም የአንዱ ሰው የደም ምርመራ በዚህ መንገድ በመንደር ሊወራ ይችላል። የስክሪን ፎቶ ስናነሣም ሁለቱም ግማሾች አብረው ይነሣሉ። ሪፖርቱን ለባልደረባ በቴሌግራም ልላክ ያለ ሰው፥ ከጎኑ ያለውን የበሽተኛ ስም አብሮ ሊልክ ይችላልና፥ ፎቶ ከማንሣት በፊት ስክሪኑን ወደ አንድ ገጽ መመለስ የግድ ነው።

7ኛ/ ስለ ዐይን፥ ስለ አንገትና ስለ መሣሪያው ንጽሕና

ስክሪን ሲከፈል ፊደሉ ያንሳል፤ ሰውም ፊደሉን ለማየት ይጎነበሳል። ትክ ብሎ ስክሪን የሚያይ ሰው ዐይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ቍጥር ነው፤ ስለዚህ ዐይኑ ይደርቃል፥ ይቈጠቍጣል፥ ራሱንም ያመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በየ20 ደቂቃው ስክሪኑን ትቶ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከት ነው። የጌዴኦ ኮረብታና የእንሰቱ አረንጓዴ ለዚህ የሚሆን እይታ አላሳጡንም። ፊደሉንም ከማስተካከያው ላይ ማሳደግ፥ ያም የማይበቃ ሲሆን ስክሪኑን አለመክፈል ይሻላል። ታብሌቱን በጭን ላይ አስቀምጦ አቀርቅሮ ከመሥራት ይልቅ፥ በጠረጴዛ ላይ በመደገፊያ ከፍ አድርጎ መሥራት አንገትን ከሕመም ያድናል።

ታብሌት ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ዕቃ ነው። የሚያስለውን ሕፃን የዳሰሰች እጅ ትነካዋለች፤ ቀጥሎም ጤነኛውን ሕፃን የምትዳስስ እጅ ትነካዋለች። ስለዚህ ሕፃን ከመንካት በፊትና ከነኩ በኋላ እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ፥ ውኃ በራቀበትም በእጅ ማጽጃ አልኮል ማሸት ያስፈልጋል። ታብሌቱን ለማጽዳት አስቀድሞ ማጥፋትና ከቻርጀሩ መንቀል፥ ከዚያ በ70 ከመቶ አልኮል በጥቂቱ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። ፈሳሹ በቀጥታ በስክሪኑ ላይ አይረጭ፤ በረኪናም አይነካው። ሁለት መተግበሪያ አብሮ መክፈት ባትሪንም ፈጥኖ እንደሚጨርስ አይዘንጋ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው፥ ያመሳከረውን ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛውን ገጽ ይዝጋ።

8ኛ/ ማጠቃለያ

የተባለው ሁሉ በቃል እንዲያዝ በአጭሩ እንድገመው።

1/ ከመክፈል በፊት የተጀመረውን አስቀምጥ።
2/ ሁለቱ ገጾች የአንድ ሥራ ሁለት ወገን ከሆኑ ክፈል፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ከሆኑ አትክፈል።
3/ የሁለት ሰው መዝገብ ጎን ለጎን አትክፈት።
4/ ትንፋሽ ስትቈጥር፥ ስትለካ፥ መድኃኒት ስትሰጥና ሰው ስታዳምጥ ታብሌቱን አስቀምጥ።
5/ ፎቶ ከማንሣትና ስክሪኑን ለሰው ከማሳየት በፊት ወደ አንድ ገጽ ተመለስ።
6/ በየ20 ደቂቃው ዐይንህን አሳርፍ፤ እጅህንና መሣሪያህን በንጽሕና ያዝ።

የወረዳና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ሠራተኛ በሽተኛ በሚያይበት ሰዓት ሪፖርት ላክ፥ መልስ ስጥ እያሉ በመልእክት ከመወትወት ተቈጥበው፥ ለሪፖርት የተለየ ሰዓት ቢወስኑ፥ ከጽሑፋችን ምክር ይልቅ የእነርሱ ትእዛዝ ብዙ ስሕተት ያስቀራል። ወላጆችም ልጆቻቸው በሚያጠኑበት ጊዜ በታብሌቱ ላይ ጎን ለጎን የተከፈተው ምን እንደ ሆነ ቢመለከቱ መልካም ነው።

ታብሌት ጥሩ አገልጋይ ነው። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ሁለት መዝገብ የሚዘረጋበትን ጠረጴዛ ወደ ተራራውና ወደ መንደሩ ይዞልን ይሄዳል። ሠራተኛው ግን ሐሳቡን በፊቱ ላለው አንድ ሕፃን ሳይከፍል ይስጥ፤ ከታቀፈችው እናት ፊት የሚጠበቅበትም ይኸው ነው።